ቡድን ነፍስ የለውም
(ስለ ቄስ፣ ስለ ኳስና ስለ ግሸን ዳገት)

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥር 20 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፣ ግሸን ግርጌ ቆሜ ዳገቱን በዓይኔ እለካ ነበር። ግሸን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ የአምባሰል አምባ ነው። የመስከረም 21ን ያህል አይሁን እንጂ በጥርም መንገደኛው ብዙ ነው። ሽማግሌው ምርኩዙን፣ እናት ልጇን፣ ባለስለቱ ጧፉንና ጥላውን ይዞ ይወጣል።

አንድ አውቶብስ መጥቶ ቆመ። የወረዱት ሁሉ አንድ ዓይነት ቱታ የለበሱ ወጣቶች ናቸው። የአንድ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን መሆኑን ከጀርባቸው አነበብኩ፤ የኮሌጁን ስም ማንሣት ለነገሩ አይበጅምና ይቅር። አሠልጣኙ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስም ይጠራ ጀመር። "አቤት!" "አለሁ!" ይላሉ ልጆቹ። ሲጨርስ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ቄስ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው ሽቅብ ተያያዙት። ለካስ በሳምንቱ ውድድር አለባቸው፤ ዋንጫውን ካገኙ ለእመቤታችን ጥላ ሊያስገቡ ተስለዋል።

አንዱ ልጅ ግን ስሙ ሲጠራ "አቤት" ብሎ ሳይወጣ ቀረ። የጓደኞቹን ሻንጣ በመስመር ደርድሮ አንዱ ላይ ተቀመጠ። ቀረብ አልኩና፣

"አንተስ አትወጣም እንዴ?" አልኩት።

"እኔ እስላም ነኝ ጋሼ። ዕቃ እጠብቃለሁ።"

"ታዲያ ምን አመጣህ?"

"በረኛ ነኝ። ያልመጣ አይሰለፍም ተብሏል።"

ዝም ብዬ ሳየው ፈገግ አለና እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ነገረኝ። "እናቴ እኮ ጎረቤታችን ግሸን ሲመጡ 'ለጧፍ ይሁንዎት' እያለች ብር ትሰጣቸው ነበር። የወሎ ሰው መቼም እንዲህ ነው። ግን ማንም ስም ጠርቶባት አያውቅም።"

ይህ ጽሑፍ ከዚህች አንዲት ቃል የተወለደ ነው።

አምባው ላይ አሠልጣኙን አገኘሁትና ስለ ቄሱ ጠየቅሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን እንደሚወድ ያስታውቅበታል። "የቡድናችን ቄስ ናቸው" አለኝ። "ለጊዜው በፈቃዳቸው ነው፤ ወደፊት ግን በደንብ ተመድበው እንደ ወጌሻው አበል እንዲታሰብላቸው ጠይቀናል። ምን ይገርማል? አሜሪካ አገር ኮሌጁ ሁሉ ለቡድኑ ቄስ አለው ይባላል። እኛ በሃይማኖት ከእነሱ አንሰን ነው?"

ይህ ክርክር የእሱ ብቻ አይደለም፤ በየጠላ ቤቱም በየቢሮውም ሲነገር ሰምቻለሁ። "ወጣቱ ተበላሸ፤ በሱስ አለቀ፤ ለተጫዋቾቻችን መንፈሳዊ አባት ይመደብላቸው" የሚል በጎ የሚመስል ሐሳብ ነው። እኔ ግን አይሆንም እላለሁ። አይሆንም የምለውም ቄስን ጠልቼ ወይም ኳስን ንቄ አይደለም። ለሁለቱም ክብር ስል ነው።

እስቲ ከተጠቀሰው አሜሪካ እንጀምር። እርግጥ ነው፣ የቡድን ቄስ ያላቸው ኮሌጆች አሉ። በኢንዲያና ግዛት የሚገኘውን የኖትርዳም ዩኒቨርስቲ እንውሰድ። ይህን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1842 የመሠረቱት የቅዱስ መስቀል ማኅበር የሚባሉ የካቶሊክ ካህናት ናቸው። ኖትርዳም ማለት ደግሞ በፈረንሳይኛ "እመቤታችን" ማለት ነው። መስቀልና እመቤታችን! ለግሸን ሰው ሩቅ አገር አይደለም። የዚህ ዩኒቨርስቲ ተጫዋቾች ከግጥሚያ በፊት ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ቄሱም ለእያንዳንዳቸው የአንድ ቅዱስ ምስል ያለበት ሜዳሊያ ይሰጧቸዋል።

በቺካጎ ሎዮላ ዩኒቨርስቲ ደግሞ እህት ዢን የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የቅርጫት ኳሱ ቡድን መንፈሳዊ አገልጋይ ሆነው ሠሩ። በ2018 ቡድኑ ከመጨረሻዎቹ አራት ሲገባ በ98 ዓመታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ሜዳ ዳር ተቀምጠው ዓለም አያቸው። በ2025 በ106 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራቸው የተጀመረው ግን ለግብ በመጸለይ እንዳይመስላችሁ፤ ተጫዋቾቹ በትምህርታቸው እንዳይወድቁ ከመርዳት ነው።

መልካም። ዳሩ ግን አሠልጣኛችን አንድ ነገር ዘንግቷል። እነዚህ ኮሌጆች የቤተ ክርስቲያን ናቸው። ኖትርዳም የሚገባ ተማሪ በሩ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ አንብቦ፣ ወድዶና ፈቅዶ ነው የሚገባው። የእኛው በረኛ ግን የገባው በመንግሥት ፈተና ውጤት፣ ወደ መንግሥት ኮሌጅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከማንኛውም የሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጣል ይላል። ሕጉ የማያምን ሰው የጻፈው ክፉ ሐሳብ ነው የሚል ካለ፣ ወሎን አንድ ቀን ዞሮ ይይ። አንድ ቤት ውስጥ ወንድም ክርስቲያን፣ እህት እስላም በሚሆኑበት አገር መንግሥት ከሁለቱ አንዱን ደግፎ ቢቆም ማን ተጎድቶ ማን ይተርፋል?

እዚያው አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሻገር ምን እንዳስከተለም ማየት ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ ብሬመርተን በምትባል ከተማ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አሠልጣኝ ከጨዋታ በኋላ ሜዳው መሐል ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር። ተጫዋቾቹም ይከቡት ጀመር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2022 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ አሠልጣኙ ረታ። ሆኖም ከመዝገቡ ውስጥ የአንድ አባት አቤቱታ አለ፤ ልጁ የማያምን ሆኖ ሳለ ከጸሎቱ የገባው፣ ካልገባ እንደ ቀድሞው እንዳያሰልፉት ፈርቶ ነው የሚል። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የወደደውን ይሁን፤ እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ የታየኝ ሻንጣ ላይ የተቀመጠው በረኛ ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው ወረቀቱ በማን እጅ ነው የሚል ነው። ግሸን ግርጌ ስም የተጠራበትን ወረቀት የያዘው እጅ፣ በሳምንቱ የአሥራ አንዱን ስም የሚጽፈው እጅ ነው። አሠልጣኝ ለወጣት ተጫዋች ትንሽ ሰው አይደለም። ማልያውን፣ አበሉን፣ ምናልባትም ነገ ክለብ የመግባት ተስፋውን ይዟል። እንዲህ ያለ ሰው "ወድዳችሁ ጸልዩ" ሲል "ወድዳችሁ" የምትለዋ ቃል አትሰማም። እስላሙ ልጅ ብቻ ነው የሚቸገረው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ክርስቲያኑም ልጅ የሚጸልየው ለፈጣሪው ይሁን ለአሠልጣኙ ራሱም አያውቀውም። እንዲህ ያለ ጸሎት ይቆጠራል ትላላችሁ?

"ታዲያ ስፖርትና ሃይማኖት አይገናኙ ነው የምትለው?" የሚለኝ አይጠፋም። እንዴት እንዲህ እላለሁ! እኛ ጨዋታንና በዓልን ካገናኘን ዘመን የለውም። የገናን ዕለት ሕዝቡ አስቀድሶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወርዶ በሩር ይለጋል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል። ዳኛም ደንብም በወጉ በሌለበት ጨዋታ እግር ይሰበራል፣ ሰው ይስቃል። ቄሱ ግን "እመቤታችን ለላይ ሰፈር ታድላ" ብለው ሲማፀኑ የሰማ የለም። የበዓሉ ባለቤት የሁሉም ነዋ።

የቅዱስ ጊዮርጊስንም ክለብ ተመልከቱ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ተመሠረተ፤ ስሙን ከሰማዕቱ ወሰደ። እስላሙም ክርስቲያኑም ማልያውን ለብሶ ተጫውቶበታል፣ "ጊዮርጊስ!" እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾለታል። ስሙ ማንንም ያላራቀው ደጋፊውን ስታዲየም በር ላይ "አንተ የየትኛው እምነት ነህ?" ብሎ የጠየቀ ስለሌለ ነው።

ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሎምፒክ መሠረት ደፋር 5000 ሜትሩን አሸንፋ ከማልያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ ስታደርግ አገር አብሯት አለቀሰ። ያንን ሥዕል ውስጧ ደብቃ የሮጠችው እሷ ናት፤ የፌዴሬሽን መመሪያ አላስያዛትም። ውበቱም ከዚህ የመጣ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ 10,000 ሜትር ደግሞ ምሩጽ ይፍጠርና መሐመድ ከድር ከቶሎሳ ቆቱ ጋር ሆነው ፊንላንዳውያኑን እየተቀባበሉ ሲያደክሙ ያየ፣ የቡድን መንፈስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ምሩጽ ወርቁን፣ መሐመድ ነሐሱን አመጡ። ያስተሳሰራቸው ባንዲራውና ላባቸው ነበር። በምን ቋንቋ እንደጸለዩ የጠየቃቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንምጣ። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ የቡድን ቄስ ይመደብ ባዮች እጃችን ላይ ያለውን መርሳታቸው ነው። የንስሐ አባት የሚባል ነገር አለን። ፈረንጅ ለተጫዋቹ የሚቀጥርለትን ሰው እኛ ያለ ቅጥር ይዘን ኖረናል። የንስሐ አባት ሰውን አንድ በአንድ ያውቃል። ቤት ይመጣል፣ ጸበል ይረጫል፣ የታመመውን ይጠይቃል፣ ጾሙ ለከበደው ሕመምተኛ ያቀልለታል፣ የተጣላ ያስታርቃል። የሰማውን ለማንም አይናገርም። ደመወዙን አለቃህ አይከፍለውም። ልብ በሉ፤ ንስሐ የሚገባ ሰው እንጂ ንስሐ የሚገባ ቡድን የለም። ቡድን ነፍስ የለውም። ቡድን ያለው ነጥብ ነው። ካህን የተሾመው ደግሞ ለነፍስ ነው።

የተማሪውን ነገር ካነሣንም አዲስ አይደለም። ከዚሁ ከግሸን ብዙ ሳይርቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ደሴት ላይ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእነዚያ አንዱ ናቸው። አባትና መምህር በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚያፈሩ ይህ አውራጃ ከማንም በፊት ያየ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ብላቴ የዘመቱ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ለጸሎት ተሰባሰቡ፤ በማግሥቱ ዓመት የማኅበረ ቅዱሳን መመሥረት ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርስቲው ያለው ግቢ ጉባኤ የሚሰበሰበው የፈለገ ሄዶ፣ ያልፈለገ ቀርቶ ነው። እስላሙ ተማሪም ለጁምዓ መስጊዱ ይሄዳል። ማንም ወረቀት ይዞ አይጠራቸውም። ታዲያ በዚህ ላይ የሚጨመረው "የቡድን ቄስ" ምንድን ነው? አባትነቱ አለ፤ የሚጨመረው አበሉና አለቃው ብቻ ነው።

አለቃው ነው እኮ የሚያስፈራው! አንድ ነገር እንገምት። የአጥቂው ጉልበት አብጧል። አሠልጣኙ ለፍጻሜው ያስፈልገኛል ይላል። ወጌሻው አይቶ እንዳላየ በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰደዋል፤ እንጀራው ነውና። ልጁ ማን ዘንድ ይሂድ? ለአሠልጣኙ አበል ፈራሚነት የማይገዛ አባት ካለው፣ እኚያ አባት መጥተው "ይህ ልጅ አይጫወትም፤ እናቱ አደራ ብላኛለች" ይላሉ። የቡድን ቄስ ቢሆኑስ? በሚቀጥለው ጉዞ አውቶብሱ ውስጥ ወንበር ላይኖራቸው ነው። ስለዚህ ዝም ይላሉ፣ መስቀላቸውን ያሳልማሉ፣ "እግዜር ያበርታህ" ይላሉ። መስቀል ለሕመም ማስታገሻ ሆነ ማለት አይደለም ይሄ?

ደግሞስ ሁለቱም ቡድን ቄስ ቢኖረው? ሁለቱም ለግሸን ማርያም ጥላ ቢሳል? ማንን ትስማ? የተሸነፈው ልጅ እምነት ምን ይሆናል? ፔናልቲ የሳተ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ በራሱ ላይ "ኃጢአቴ ነው ያስሸነፈን" የሚል ሸክም ጭኖ ቢተኛ የሚጠየቀው ማን ነው? ስለት መልካም ባህላችን ነው፤ መካኗ ለልጅ፣ በሽተኛው ለጤና፣ እናት ለዘመተ ልጇ ትሳላለች። እነዚህ ሲፈጸሙ የሚከፋ ሰው የለም። የዋንጫ ስለት ግን ሲፈጸም የሌላውን ልጅ እንባ ይጠይቃል።

ግሸን ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ የጌታን ግማደ መስቀል የት ላኑር ብለው የተጨነቁት ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሕልም መስቀሉን በመስቀለኛ ቦታ እንዲያኖሩ ተነገራቸው፤ ዞረው ዞረው ይህን አምባ አገኙ። ይህ የምናከብረው ታሪኳ ነው። ሌላም ታሪክ አላት፤ ብዙ አናወራውም። ነገሥታቱ አምባው በር አንድ፣ ገደሉ ብዙ መሆኑን አይተው ለዙፋን የሚያሰጉ የንጉሥ ልጆችን አጎሩበት። ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው በ1426 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ከዚያ እንደወረዱ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ተራራው እሥረኞች ጽፏል። የጸሎት ቦታ ለቤተ መንግሥት ሥራ ሲውል ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ ግን ግቢው ወህኒ ሆነ። ትንሽ ነገር ከትልቅ ጋር አነጻጸርክ አትበሉኝ። ቅዱሱን ነገር ለባለሥልጣኑ ጉዳይ ያዋለ ሁሉ፣ ጉዳዩ ዙፋንም ይሁን ዋንጫ፣ የሚሠራው ያንኑ ነው።

ለመሆኑ በጎ ምሳሌ የለም? አለ፤ ልደብቀው አልሻም። በእንግሊዝ ብዙ የእግር ኳስ ክለቦች መንፈሳዊ አገልጋይ አላቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ደመወዝ የማይቆረጥላቸው የአካባቢው ቄሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2012 የቦልተኑ ፋብሪስ ሙዋምባ በጨዋታ መሐል ልቡ ቆሞ በወደቀ ጊዜ የክለቡ ቄስ ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አጽናንቷል። ሊቃወመው የሚችል ሰው የለም። ግን ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። ከውጤቱ ጋር ጉዳይ አልነበረውም። የመጣው ሰው ስለወደቀ ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ኮሌጁ ለቄስ የሚመድበው ገንዘብ ካለው ለተጫዋቾቹ ሐኪም ይቅጠርበት። ለልምምድ ሲሉ ያመለጣቸውን ትምህርት የሚያስጠና መምህር ይመድብላቸው። የተሰበረ ልጅ ማልያውን አስረክቦ ወደ ገጠሩ እንዳይመለስ መታከሚያ ያስቀምጥለት። በዐቢይ ጾምና በረመዳን የልምምዱን ሰዓት ያስተካክል፤ ይህ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። ክርስቲያኑ ልጅ የንስሐ አባቱ ዘንድ፣ እስላሙ ሼኹ ዘንድ ሲሄድ በሩን አይዝጋበት። ጉዞ ካሻቸውም ግሸን የፈለገ ይውጣ፤ ያልፈለገ ይተኛ፤ ወረቀቱ ግን ኪስ ውስጥ ይቅር። ቄሶቻችንም ወደ ልጁ ይምጡ እንጂ ወደ ቡድኑ አይምጡ።

ጽሑፌን ከመዝጋቴ በፊት ስለ እኚያ ቄስ አንድ ነገር ባልናገር በደል ይሆንብኛል። አምባው ላይ አሠልጣኙ "አባታችን፣ እንግዲህ ለድሉ ይጸልዩልን" ሲላቸው ሰምቻለሁ። መስቀላቸውን አነሡና "ከሰባራ እግርና ከክፉ ነገር ይጠብቃችሁ፤ እናንተንም የሚገጥሟችሁንም ልጆች" ብለው አበቁ። አሠልጣኙ ሌላ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ጥቂት ቆመ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ነበር።

ስንወርድ ቀኑ መሽቶ ነበር። ልጆቹ እየተሯሯጡ፣ እየተሣሣቁ ሻንጣቸውን ከመስመሩ ላይ እያነሡ አውቶብሱ ውስጥ ገቡ። በረኛውን ልብ ያለው የለም። ቄሱ ከሁሉም ኋላ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ በምርኩዝ ደረሱ። ወደ መኪናው አልሄዱም። ወደ ልጁ ሄዱና፣

"ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?" አሉት።

አልበላም ነበር። ከነጠላቸው ቋጠሮ ውስጥ ቂጣ አውጥተው ሰጡት፤ አጠገቡ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው እስኪጨርስ ጠበቁት። አሠልጣኙ ከመኪናው ሆኖ "አባታችን፣ እየመሸ ነው!" ይላል። እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙለት፤ አልተነሡም።

እኚህን ሰው ነው በአበል ዝርዝር ውስጥ አስገብተን ለደወል የሚነሡ ሠራተኛ ልናደርጋቸው የምንሻው። እባካችሁ ተዉልን።